ቀለበቷን ያስያዘችው ዘፋኝ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የጋብቻ ቀለበታችሁን አውልቃችሁ በመያዣነት አስቀምጣችሁ ገንዘብ የምትበደሩት ለምን ጉዳይ ነው? ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። አብዛኛው ሰው ሳያስብበት «ለሕክምና» አለኝ። «ለልጅ ትምህርት ቤት» ያሉኝም ነበሩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ሲል ያስያዘው የሚስቱ ቀለበት እስካሁን እንዳልተመለሰና በየበዓሉ ወቀሳ እንደሚቀርብበት እየሳቀ ነገረኝ። «ለዘፈን» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ለዘፈን ብላ ቀለበቷን ስላስያዘች ሴት ነው። ስሟ ማርጎ ፕራይስ ይባላል። አሜሪካዊት ናት፤ ግጥሟንም ዜማዋንም ራሷ ትጽፋለች፣ ጊታር ትጫወታለች። ስሟን ከዚህ በፊት ካልሰማችሁት አይግረማችሁ፤ እኔም አላውቃትም ነበር። ያገኘኋት እንዲሁ በአጋጣሚ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና መጨናነቅ ቆመን ሳለ ነው። የባለቤቴ ስልክ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ተገናኝቶ አንዱን ዘፈን ከሌላው እያስከተለ ሲያጫውት አንድ የሴት ድምፅ መጣ። ቫዮሊኖች ነበሩበት፣ ጊታር ነበረበት፣ ድምፁ ደግሞ እናቴ በልጅነታችን ታዳምጣቸው የነበሩትን የዶሊ ፓርተን ካሴቶች ያስታውሳል። ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ልብ ብዬ አልሰማሁትም። መሃል ላይ ስትደርስ ግን ስለሞተ የመጀመሪያ ልጇ መዝፈን ጀመረች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር አለና እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ፤ ሊያጠፋው ነበር። «ተወው» አልኩት።

ለምን ሊያጠፋው እንደፈለገ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሙዚቃው። «አሜሪካና» ይሉታል። ስሙ የአገር ስም ይመስላል እንጂ የሙዚቃ ዓይነት ነው፤ ካንትሪ፣ ፎልክ፣ ብሉዝና የድሮ ሮክ አንድ ማሰሮ ውስጥ ሲገቡ የሚወጣው ማለት ነው። እኛ ቤት ካንትሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ትውልድ ኬኒ ሮጀርስን፣ ጂም ሪቭስን፣ ዶን ዊሊያምስን ከሀገሩ ዘፋኝ እኩል ያውቃል። ልዩነቱ፣ ዛሬ ናሽቪል ውስጥ በትልልቅ ኩባንያዎች የሚመረተው ካንትሪ ብዙው ስለ ፒክአፕ መኪናና ስለ ቅዳሜ ማታ ፈንጠዝያ መሆኑ ነው። አሜሪካና የሚባለው ከዚያ ወጣ ብለው፣ የራሳቸውን ግጥም እየጻፉ የድሮውን መንገድ የያዙትን ይሰበስባል። የራሱ ማኅበር አለው፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ በግራሚ ሽልማት የራሱ ዘርፍ ተሰጥቶታል። (እዚህ ላይ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማርጎ የተወለደችው በ1983 ነው፣ ኢሊኖይ ውስጥ አሌዶ በምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አካባቢ። ቤተሰቧ እርሻ ነበረው። የ1980ዎቹን የአሜሪካ ገበሬ ታሪክ ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው መሬቱ ውድ በነበረበት ጊዜ ተበድሮ ሳለ የብድሩ ወለድ ሰማይ ነካ፣ የመሬትና የእህል ዋጋ ወረደ፣ ባንኮችም መሬቱን ወሰዱ። የማርጎ ቤተሰብ እርሻውን ያጣው እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ከዚያ በኋላ የእስር ቤት ጠባቂ ሆኖ ሠራ። ልጅ ሆና ያላየችው፣ ግን በየማዕዱ ሲነገር የሰማችው እርሻ ነው እንግዲህ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አለ፤ የተወረሰ ቤት፣ የተሸጠ መሬት፣ «ያኔ ቢሆን ኖሮ» የሚባል ነገር። ያ መሬት የመጀመሪያ አልበሟ ርዕስ ውስጥ ገብቷል፦ «ሚድዌስት ፋርመርስ ዶተር»፣ የመካከለኛው ምዕራብ ገበሬ ልጅ። ርዕሱ የሎሬታ ሊንን «ኮል ማይነርስ ዶተር» ያስታውሳል፤ ሎሬታ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበረች።

በ20 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲውን አቋርጣ ወደ ናሽቪል ሄደች። እዚህ ላይ እናቶች ፊታችሁን ስታኮማትሩ ይታየኛል። እኔም አኮማትሬያለሁ። ናሽቪል ለዘፈን ጸሐፊ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ፣ በየቡና ቤቱ የሚያስተናግደው ልጅ ሁሉ ኪሱ ውስጥ የራሱ ዘፈን ያለበት ከተማ አስቡ። እዚያ ጄረሚ አይቪ ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ተዋወቁ፣ ተጋቡ፣ አብረው ባንድ አቋቋሙ። ባንዱ ብዙም ሳይራመድ ቀረ። ሌላ ባንድ አቋቋሙ። ይኼኛውን «ዘ ፕራይስታግስ» አሉት፤ በአባቷ ስም ተጫውተው «የዋጋ መለያዎቹ» እንደማለት። እንደ ማርኬቲንግ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ነገውኑ እቀጥረው ነበር።

ከናሽቪል ጉዞዋ እስከ አልበሟ መውጫ ስንት ዓመት እንደሆነ ገምቱ። 13 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ትንንሽ ሥራ እየሠሩ በየመጠጥ ቤቱ መጫወት ነበር። ታሪኩን በሌላ ቦታ ብታነቡት ይህን 13 ዓመት በአንድ አረፍተ ነገር ነው የሚያልፉት። እኔም ይኸው አለፍኩት። በ13 ዓመት ግን አንድ ልጅ ከመወለድ ተነሥቶ ሰባተኛ ክፍል ይደርሳል።

በ2010 መንትያ ወንዶች ወለደች። አንደኛው ከልብ ሕመም ጋር ተወለደና ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ አረፈ።

ባለቤቴ ስልኩን ሊያጠፋ የሞከረው ለዚህ ነው። እኛም ቤት አንድ ልጅ ነበር። በሰባተኛ ወሩ ተወለደ፣ ሁለት ቀን በማሞቂያ ውስጥ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አረፈ። ክርስትና ስላልተነሣ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ለቅሶ የመጣውም ሰው ለእኔ መጣ እንጂ ለእሱ አልነበረም። የመጡት ሁሉ ደጎች ነበሩ፤ አጥሚት ይዘው መጡ፣ ቤቴን ጠረጉ። የተናገሩት ቃል ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ «አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ»። «አንድ አለችሽ አይደል፣ ተመስገን በይ»። አንዷ ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላት የእናቴ እኩያ፣ ስሙን እንዳላነሣ መከረችኝ፤ ስም ያለው ነገር ቶሎ አይረሳም አለችኝ። ሰማኋት። ለሁለት ዓመት ያህል ስሙን ከአፌ አላወጣሁም። ባለቤቴም አላወጣም። እሱ እኔን እየጠበቀ፣ እኔ እሱን እየጠበቅሁ።

ማርጎን መስማት የከበደኝም፣ መልሼ መልሼ የሰማሁትም ስለዚህ ነው። እሷ ከሐዘኑ በኋላ የሆነችውን አትደብቅም። ጠጣች። በመጠጥ ሰበብ ጥፋት አጥፍታ አንድ ቅዳሜና እሁድ እስር ቤት ገባች። በአልበሙ ላይ «ዊክኤንደር» የሚል ዘፈን አለ፤ ስለዚያው እስር ነው፣ ቀልድ ቢጤም አለበት። ስለ ጠርሙስ የዘፈነችው ደግሞ በዓል ላይ ብትከፍቱት ሰው ያስጨፍራል፤ ግጥሙን ልብ ካላላችሁ። እኛ ሀገር አንዲት እናት ይህን ብትዘፍን ምን እንደሚባል አስቤ ነበር። ከዚያ እንዲሁ ተውኩት፤ እዚያም ቢሆን የሚባለው ብዙ የተለየ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቀለበቱ ልመልሳችሁ።

አንድ አልበም ለመሥራት ምን ያህል ነገር እንደሚያስፈልግ ከሥራዬ የተነሣ ትንሽ አውቃለሁ። የስቱዲዮ ኪራይ አለ፣ ለሙዚቀኞች የሚከፈል አለ፣ ድምፁን የሚያዋሕድና የሚያስተካክል ባለሙያ አለ፣ ከዚያ ማባዣው፣ ሽፋኑ፣ ማስታወቂያው። ኩባንያ ያስፈረመው ዘፋኝ ይህን ሁሉ ኩባንያው ያወጣለታል፤ በምላሹ ግን ቅጂው የኩባንያው ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም የትኛው ዘፈን እንደሚገባና ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ማርጎን ያስፈረመ ኩባንያ አልነበረም። ስለዚህ ባሏ መኪናቸውን ሸጠ። አንዳንድ የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸውም ሄዱ። እሷ ቀለበቷን አወለቀችና ዕቃ ይዞ ገንዘብ ወደሚያበድር ሱቅ ወሰደችው። እንዲህ ያለ ሱቅ አሠራሩ እኛ ሰፈር ወርቅ ይዛ ከምታበድረው ሴትዮ አይለይም፤ በቀኑ ካልመለስሽ ንብረትሽ ይሸጣል። ቤት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ልጅ አለ።

በገንዘቡ ወደ ሜምፊስ ሄዱ። ሜምፊስ ከናሽቪል 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የቀረጹት ሰን ስቱዲዮ ነው፤ ኤልቪስ ፕሪስሊና ጆኒ ካሽ በ1950ዎቹ የጀመሩበት ጠባብ ክፍል። ቀን ቀን የቱሪስት መጎብኛ ነው፣ ማታ ሲዘጋ ሙዚቀኛ ይገባበታል። እዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ባንዱ በአንድ ላይ እየተጫወተ፣ እንደ ድሮው ቀረጹት። ስታዳምጡት ይሰማል፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ እንደነበሩ ይታወቃል። እውነቱን ለመናገር አሥሩም ዘፈኖች እኩል አይደሉም። ሁለቱ ሦስቱ ከድሮ ካንትሪ ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ግን፣ «ሃንድስ ኦቭ ታይም»፣ እርሻውንም አባቷንም ልጇንም በስድስት ደቂቃ ውስጥ ያስገባው፣ ለብቻው ቀለበቱን የሚያስከፍል ነው።

ለባለቤቴ ይህን ስነግረው «ለዘፈን?» አለኝ። «ቪትዟን ልሽጥልሽ እንዴ ታዲያ?» ቀለድንበት፤ ቀልዱ ግን ወደ ክርክር ሄደ። እሱ የሚለው፣ ልጅ ያለው ሰው በቤተሰቡ መተዳደሪያ ቁማር አይጫወትም ነው። ባይሳካላትስ ኖሮ? የተሳካላትን ስለምናውቅ ነው እንጂ መኪናውንም ቀለበቱንም አጥተው የቀሩትን ስንቶቹን ማን ጻፈላቸው? ልክ ነው፣ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ማንም ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ መኪናውን እንዲሸጥ አልመክርም።

እሁድ እናቴ ቤት ለምሳ ሄደን ጉዳዩን ለእሷ አቀረብንላት። እናቴ እኛን ለማስተማር የአንገት ወርቋን አስይዛ ያልመለሰች ሴት ናት፤ ስለዚህ ባለቤቴ እሷ ከእሱ ጎን እንደምትቆም እርግጠኛ ነበር። ቡናውን እየቀዳች ትንሽ አሰበችና «ወርቅ የሚገዛው ለክፉ ቀን ነው» አለች። «ልጅ ሞቶባት፣ እሷም ልትጠፋ ደርሳ፣ ከዚያ የባሰ ክፉ ቀን ምን አለ? ያወጣኛል ያለችው ዘፈን ከሆነ ምን ታድርግ?» ባለቤቴ ስኒውን ተቀበለና ዝም አለ።

አልበሙን ይዘው ወደ ኩባንያዎች ዞሩ። ከብዙዎቹ ያገኙት እምቢታ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ታሪኩ ወደ እኔ ይመጣል፣ ምክንያቱም የእኔ ሥራ በከፊል እምቢ ማለት ነው። ቢዝነስ ነው የተማርኩት፤ የምሠራበት ድርጅት ለዝግጅቶችና ለአርቲስቶች ስፖንሰር ስለሚሆን ማመልከቻው ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አድማጩ ማነው? ዕድሜው ስንት ነው? ምን ይገዛል? ስለ እርሻ መጥፋት፣ ስለ ልጅ ሞትና ስለ እስር ቤት የምትዘፍን፣ 30 ያለፋት፣ ስሟ የማይታወቅ እናት ማመልከቻ ቢመጣልኝ መልሴን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጽፌ እጨርስ ነበር። ትሕትና የተሞላበት ይሆን ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ክራር የሚጫወት ወጣት ቢሮአችን መጥቶ ነበር። ፍላሽ ላይ ሰባት ዘፈኖች ሰጥቶኝ ሄደ። ከአንዱ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሰምቼ «ለወደፊቱ መልካም ዕድል እንመኛለን» ብዬ ጻፍኩለት። የማርጎን አልበም ባገኘሁ በሳምንቱ መሳቢያዬን ስፈትሽ ፍላሹ ከተበላሸ ቻርጀር ሥር ተገኘ። ሰባቱንም ሰማኋቸው። አራቱ ደካማ ናቸው፤ አሁንም ያንኑ እላለሁ። አንዷ ግን፣ አምስተኛዋ፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ስልኩን ደወልኩ። የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ማታ ማታ ግን አልፎ አልፎ እንደሚጫወት ነገረኝ። አሁንም በጀት እንደሌለኝ፣ የደወልኩት ዘፈኗን እንደወደድኳት ልነግረው ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት። ትንሽ ዝም አለ። «ምንም አይደል እህቴ፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ የምል አይመስለኝም።

የማርጎን አልበም በመጨረሻ የተቀበለው ሰርድ ማን ሪከርድስ ነው፤ የዋይት ስትራይፕሱ ጃክ ዋይት ያቋቋመው፣ በሮክ እንጂ በካንትሪ የማይታወቅ ነፃ ኩባንያ። ያ ለእኔ እንደ ባለሙያ አስገራሚው ነገር ነው፤ የካንትሪ ገበያውን አጥንተው የጨረሱት ሰዎች ያላዩትን፣ ገበያው የእሱ ያልሆነ ሰው አየው። መጋቢት 2016 ላይ ወጣ። በቢልቦርድ የካንትሪ አልበሞች ዝርዝር 10ኛ ሆኖ ገባ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታ ደግሞ ሳተርዴይ ናይት ላይቭ መድረክ ላይ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ አልበሟን አወጣች፤ በእሱ ላይ ዊሊ ኔልሰን አብሯት ዘፍኗል። ለ2019ኙ ግራሚ «ምርጥ አዲስ አርቲስት» በሚለው ዘርፍ ታጨች፤ 35 ዓመቷ ነበር፣ ናሽቪል ከገባች 15 ዓመት ያለፋት «አዲስ»። በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መጠጥ አቆመች። ሕይወቷን የጻፈችበት መጽሐፍም በ2022 ወጥቷል፤ ርዕሱን ወደ አማርኛ ብናመጣው «ምናልባት ይሳካልን ይሆናል» የሚል ዓይነት ነው። ሁሉ ከሆነ በኋላም «ምናልባት» ማለቷን ወደድኩላት።

ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ስለምትማር ከመኪና ዘፈን ቃላት ትለቅማለች፤ ይህ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ቀን አፍሬበታለሁ። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ ያው ዘፈን ተከፈተ። እስከ መሃል ሰምታ «ማሚ፣ ሴትዮዋ ቤቢዋ ሞተ እያለች ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እና ለምን ትዘፍናለች?»

መልስ ስፈልግ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጡሩንባ ተነፋ፣ ሄድኩ። ትንሽ ነድቼ አንድ ዳቦ ቤት አጠገብ ጥጌን ያዝኩ። ወንድም እንደነበራት ነገርኳት። ስትወለድ ሳይሆን ከተወለደች በኋላ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ሆዴ ትልቅ የነበረ ጊዜ። ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። አያቷ ቤት ብዙ ቀን ማደሯን ብቻ ታስታውሳለች፤ እዚያ የነበረችውን ድመት ትዝ አላት።

«ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ አንዴ በትክክል፣ አንዴ እንደ ዜማ እያደረገች። ማታ አባቷ ሲገባ በር ላይ ሄዳ ስሙን ለእሱም ነገረችው፤ እሱ ቦርሳውን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ከእሷ ራስ በላይ ወደ እኔ እያየ። ራት ቀርቦ ነበር፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልበላነውም።